ሳቁ የእውነት ነው ወይስ የተቀዳ? የኮሜዲ ጥያቄዎቻችሁ

ለዚህ እትም ስለ ሲትኮም (ተከታታይ የቲቪ ኮሜዲ)፣ ስለ ኮሜዲ ፊልምና ስለ አክተሮቹ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ጥያቄው በሽ በሽ ሆኖ መጣ፣ ደስ ሲል! ሁሉንም መመለስ ስለማይቻል ብዙዎቻችሁ ደጋግማችሁ የጠየቃችሁትን መርጫለሁ። ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው፣ እያንዳንዱ ጋ እ.ኤ.አ. እያልኩ አላደክማችሁም። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልበል፣ እኔ ሰው ማሳቅ ከማስለቀስ ይከብዳል ብዬ ከልቤ ነው የማምነው፣ እነዚህን ሰዎች በጣም ነው የምወዳቸው፣ መልሱ አንዳንድ ቦታ ከረዘመባችሁ ለዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ፣ እኔና ወንድሜ ፍሬንድስን ባየን ቁጥር እንጣላለን። እሱ «ይሄ ከጀርባ የሚሰማው ሳቅ እኮ ማሽን ነው፣ እዚህ ጋ ሳቁ ብለው እያዘዙን ነው» ይላል፣ እኔ ደግሞ የእውነት ሰው ነው እላለሁ። ማናችን ነን ልክ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ፍሬንድስ ላይ አንቺ ነሽ ልክ። ወንድምሽም ግን ከመሬት ተነስቶ አይደለም የሚያወራው፣ ወደሱ እመጣለሁ።

የስድስት ጓደኛሞች ታሪክ የሆነው ፍሬንድስ ይቀረጽ የነበረው ካሊፎርኒያ፣ በርባንክ ውስጥ ባለው የዋርነር ብራዘርስ ስቱዲዮ ነው። የሞኒካ ሳሎንና ያ የምናውቀው ካፌ ጎን ለጎን ተሰርተው፣ ፊት ለፊታቸው ደግሞ ልክ እንደ ቲያትር ቤት ወደ 300 የሚጠጋ ሰው ተቀምጦ ያያል። አንዷን የ22 ደቂቃ ኤፒሶድ ለመቅረጽ ብዙ ሰዓት ይፈጅ ነበር፣ ለምን መሰለሽ፣ አክተሩ ቀልዱን ተናግሮ ሰው ካልሳቀ ጸሐፊዎቹ እዚያው ቆመው ተሰብስበው ሌላ ይጽፋሉ፣ አክተሩ አዲሷን መስመር በቁሙ ያጠናል፣ ካሜራው እንደገና ይነሳል። አስቢው እስቲ፣ 300 ሰው ፊት ቀልድሽ ወድቆ፣ ከደቂቃዎች በኋላ ሌላ ቀልድ ይዘሽ ተመልሰሽ እንደ አዲስ ስትናገሪ! አዎ በኋላ ኤዲቲንግ ላይ ሳቁን ያሳጥሩታል፣ ያስተካክሉታል፣ መነሻው ግን እዚያ የተቀመጠው ሰው ነው።

ትልቁ ማስረጃዬ የ1998ቱ የለንደን ኤፒሶድ ነው፣ ሮስ ኤሚሊን ሊያገባ የሄዱበት። ጠዋት ነው፣ ቻንድለር አልጋው ላይ ነው፣ ሮስ በሩን በርግዶ ገብቶ «ዛሬ እኮ ማግባቴ ነው!» ብሎ ጮሆ ይወጣል፣ ከዚያ ብርድ ልብሱ ስር ሞኒካ ብቅ ትላለች። እዚያ ጋ ድምጹን ከፍ አድርጊና ስሚው፣ የለንደኑ ታዳሚ ጩኸቱን ሲለቀው ማቆሚያ የለውም፣ ሁለቱ አክተሮች ቀጣዩን መስመር ለመናገር ቁጭ ብለው መጠበቅ ነው ያለባቸው። ጸሐፊዎቹ የሁለቱን ነገር ለአጭር ጊዜ ነበር ያሰቡት፣ ያን ጩኸት ሲሰሙ ነው ነገሩን ያስረዘሙት፣ ከዚያማ ፍቅሩ መጣ፣ ሰርጉ መጣ፣ መንታዎቹ መጡ። እንግዲህ ማሽን ይሄን አያደርግም፣ ለንደን የተቀመጡ ሰዎች ናቸው የታሪኩን አቅጣጫ የቀየሩት።

ወደ ወንድምሽ ልምጣ። በ1950ዎቹ ቻርሊ ዳግላስ የሚባል የሲቢኤስ የድምጽ ኢንጂነር የተቀዳ ሳቅ የሚያጫውት ሳጥን ሰራ፣ ላፍ ቦክስ ይሉታል፣ እንደ ታይፕራይተር ቁልፎች አሉት፣ አንዱ ቁልፍ ፈገግ የሚለውን፣ አንዱ ከት ብሎ የሚስቀውን፣ አንዱ የሴቷን ሳቅ ያወጣል። ሰውየው ሳጥኑን በቁልፍ ቆልፎ ነበር የሚጠብቀው፣ ማንም ውስጡን እንዳያይበት። ለብዙ ዓመታት የአሜሪካ ቲቪ ኮሜዲ በሱ ሳቅ ነው የሰራው። በኮሪያ ጦርነት ጊዜ ስለነበሩ ወታደር ሐኪሞች የሚያወራውን ማሽ የተባለውን ኮሜዲ የሰሩት ሰዎች የተቀዳ ሳቅ አንፈልግም ብለው ቻናሉ እምቢ አላቸው፣ በስንት ክርክር ቢያንስ ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ሳቅ እንዳይገባ ተስማሙ። ያንን ድራማ ካየሽው ልዩነቱ ይሰማሻል፣ ቢላዋው ሲነሳ ሳቁ ጸጥ ይላል፣ እኔ በበኩሌ እነዚያ ሲኖች ናቸው የበለጠ የሚያስቁኝም የሚነኩኝም።

ለይተሽ ማወቅ ከፈለግሽ ሳቁን ትተሽ አክተሩን እዪው። ሰው ፊት የሚጫወት አክተር ሳቁ እስኪበርድ ይጠብቃል፣ ዝም ብሎ ግን አይጠብቅም፣ ዓይኑን ያንከራትታል፣ ቡናውን ያነሳል፣ ትከሻውን ይሰብቃል። ቻንድለርን የተጫወተው ማቲው ፔሪ በዚህ ጌታ ነበር፣ ቀልዱን ጥሎ ፊቱን እንደዚያው አድርጎ ይቆያል፣ ሁለተኛ ሳቅ ከዚያው ቀልድ ይወጣል። ለወንድምሽ ይሄን አሳዪውና ፍረጂ።

ጥያቄ፦ ቲክቶክ ላይ ዊል ስሚዝ ፍሬሽ ፕሪንስ ላይ «አባቴ ለምንድነው የማይፈልገኝ» ብሎ የሚያለቅስባትን ሲን አየሁ። ከላይ የተጻፈው «ይሄ ስክሪፕት አልነበረም፣ በእውነት አባቱ ጥሎት ስለሄደ ከውስጡ የወጣ ነው» ይላል። እውነት ነው እንዴ? እኔም ያለ አባት ነው ያደግኩት፣ ባየሁት ቁጥር እንባዬን መቆጣጠር አልችልም። (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ እንባህ ልክ ነው፣ እሱን አትጠራጠር። ወሬው ግን ልክ አይደለም፣ በየጊዜው እየተነሳ የሚዞር ነገር ነው። የዊል ስሚዝ አባት ፊላደልፊያ ውስጥ የፍሪጅና የማቀዝቀዣ ስራ የነበራቸው ሰው ናቸው፣ ከእናቱ ጋር ቢለያዩም ከልጃቸው ሕይወት አልጠፉም፣ ያረፉትም በ2016 ነው። ሲኑም ተጽፎ፣ ተጠንቶ፣ ሰው ፊት የተሰራ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ሰዎች «ስክሪፕት አልነበረም» ሲሉ ሙገሳ የሚመስላቸው ነገር ነው። እንደኔ ተቃራኒው ነው! የራሱ ቁስል ያልሆነውን ነገር እንደዚያ አድርጎ ማውጣቱ እኮ ነው ጉዱ። ሲኑን ቀስ ብለህ ተከተለው እስቲ፣ 1994 ነው፣ አራተኛ ሲዝን፣ 14 ዓመት ጠፍቶ የቆየው አባቱ ሉ መጥቶ ልጁን ሊወስደው ቃል ገብቶ፣ መጨረሻ ላይ ጥሎት ይሄዳል። ዊል መጀመሪያ ምንም እንዳልመሰለው ነው የሚያወራው፣ እንዲያውም ሊቀልድ ይሞክራል። ከዚያ ያለሱ የተማረውን መቁጠር ይጀምራል፣ ቅርጫት ኳስ ያለሱ ተማርኩ፣ መንዳት ያለሱ ተማርኩ፣ ጺም መላጨት ያለሱ፣ 14 የልደት ቀን ያለሱ አሳለፍኩ፣ አንድ ካርድ እንኳ አልላከም። ድምጹ ከፍ እያለ ነው የሚሄደው፣ ኮሌጅ እገባለሁ፣ ቆንጆ ሚስት አገባለሁ፣ ልጆች እወልዳለሁ፣ ከሱ የተሻለ አባት እሆናለሁ ይላል። እና ድንገት ቁጣው ያልቅበታል፣ ዞር ብሎ በትንሽ ልጅ ድምጽ ያቺን ጥያቄ ይጠይቃል። አጎቱ አንክል ፊል መልስ የለውም፣ ስቦ ያቅፈዋል፣ ኮፍያው ይወድቃል፣ ካሜራው ዞሮ ዊል ለአባቱ የገዛው ስጦታ ላይ ያርፋል፣ ልጁን ያቀፈ አባት ቅርጽ ነው። ታዳሚው እኮ እዚያው ተቀምጧል፣ ሲትኮም ነው፣ ትንፋሽ አይሰማም።

አሁን የሚገርመውን ልንገርህ፣ ይሄ ልጅ በ1990 ሲጀምር ራፐር እንጂ አክተር አልነበረም። የመጀመሪያውን ሲዝን አፉን እያየህ እየው፣ ሌሎቹ ሲናገሩ የሱም ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ እንዳይሳሳት ፈርቶ የሁሉንም ሰው ንግግር በቃሉ ሸምድዶ ስለነበር። ከዚያ ልጅ ተነስቶ አራት ዓመት ውስጥ እዚያች ሲን ላይ ደረሰ፣ እና ትልቁ ምክንያት አንክል ፊልን የተጫወተው ጄምስ አቬሪ ነው ብዬ ነው የማምነው። አቬሪ የመድረክ ሰው ነበር፣ ሼክስፒር የተጫወተ፣ ድምጹ ቤት የሚሞላ (በ1980ዎቹ የኒንጃ ኤሊዎቹ ካርቱን ላይ ሽሬደር የሚባለው ክፉ ሰውዬ የሱ ድምጽ ነው፣ ልጅ ሆኜ ይሄን ሳላውቅ ነው የፈራሁት)። ዊል ራሱ እንደተናገረው አቬሪ ሁሌ ይገፋው ነበር፣ የተሻለ እንዲሰራ ያስጨንቀው ነበር፣ እዚያ ሲን ላይም አቅፎት ሳለ ጆሮው ስር «አክቲንግ ማለት ይሄ ነው» ብሎ ነው ሹክ ያለው። ታዳሚ እያለቀሰ፣ ካሜራ እየቀረጸ፣ ሁለቱ ብቻ የሚያውቁት ነገር ጆሮ ለጆሮ! አቬሪ በ2013 የመጨረሻ ቀን ላይ አረፈ፣ እና ለብዙዎቻችን አባት አልነበረንም የምንል ልጆች አንክል ፊል በቲቪ ያሳደገን ያህል ነው የሚሰማን። ያ ስሜት ቀልድ አይደለም፣ ወሬው ሐሰት ስለሆነ የሚቀንስም አይደለም።

ጥያቄ፦ እዚያው ፍሬሽ ፕሪንስ ላይ አንት ቪቭ በመሃል ሌላ ሴትዮ ሆነች እኮ! ማንም ምንም ሳይል! ምን ተፈጥሮ ነው? (ከጎንደር)

መልስ፦ የዊልን አክስት፣ አንት ቪቭን፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሲዝኖች የተጫወተችው ጃኔት ሁበርት ናት፣ ከአራተኛው ጀምሮ ዳፍኒ ማክስዌል ሪድ ተተካች። ሁበርትና ዊል ስሚዝ አይስማሙም ነበር፣ ለብዙ ዓመትም በየሚዲያው ሲካሰሱ ኖሩ። በ2020 በተሰራው ሪዩኒየን (አክተሮቹ እንደገና የተገናኙበት ፕሮግራም) ላይ ግን ፊት ለፊት ተቀምጠው አወሩ፣ ያን ጊዜ ቤቷ ውስጥ ምን አይነት ችግር ላይ እንደነበረች ነገረችው፣ እሱም እንዳልተረዳት አምኖ ይቅርታ ጠየቃት። ያንን ክፍል ፈልጊና እዪው፣ ከሲትኮሙ ጋር እኩል ነው የወደድኩት። ለነገሩ ሁለቱንም ቪቮች እወዳለሁ፣ ግን ሁበርት ዳንስ ክፍል ውስጥ ገብታ ወጣቶቹን ሁሉ አፍ ያስያዘችበትን የሚያህል የለም፣ በዚህ አልደራደርም።

ጥያቄ፦ ማቲው ፔሪ ከሞተ በኋላ ፍሬንድስን ማየት አቃተኝ። ቻንድለር ሲቀልድ እስቃለሁ፣ ወዲያው ደግሞ ይጸጽተኛል፣ ያን ጊዜ ታሞ እንደነበር እያወቅኩ እንዴት እስቃለሁ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ የላካችሁ ብዙ ናችሁ፣ እኔም ጥቅምት 2023 ላይ 54 ዓመቱ ላይ አረፈ ሲባል እንደ ዘመድ ነው የደነገጥኩት። ስለዚህ እንደ ባለሙያ ሳይሆን እንደ አንድ ወዳጅ ነው የምመልስልሽ።

ፔሪ ራሱ ምንም አልደበቀም። በ2022 ባወጣው የሕይወት ታሪኩ ላይ «ጀት ስኪ» በሚባለው የውሃ ላይ ሞተር አደጋ ደርሶበት በታዘዘለት የህመም ማስታገሻ እንዴት ሱስ ውስጥ እንደገባ፣ አልኮሉን፣ ሆስፒታሉን፣ ሁሉንም ጽፎታል። ከሲዝን ሲዝን ሰውነቱ ሲከሳና ሲወፍር የምናየው ከዚያ ጋር የተያያዘ ነው፣ ለዚህም ነው ራሱን ማየት ይከብደው የነበረው። በ2021 ስድስቱ ተሰብስበው በሰሩት ሪዩኒየን ላይ ደግሞ ሰው ካልሳቀልኝ የምሞት ይመስለኝ ነበር ብሎ ሲናገር ጓደኞቹ ዞረው ነው ያዩት፣ አንዷ ይሄን እኮ ነግረኸን አታውቅም አለችው። አሥር ዓመት አብረው ሰርተው!

እኔ ይሄን ሰምቼ የደረስኩበት ይሄ ነው። ያ ሰው በየሳምንቱ ያን ያህል ተጨንቆ ያመጣውን ሳቅ እኛ አሁን አንቀበልም ብንል ማንን እንጠቅማለን? የተጻፈለትን መስመር ማንም ሊያነበው ይችላል፣ ግን ያቺን ያልተጠበቀች ቃል ላይ ጫን የሚልባትን አነጋገር፣ ያንን ዜማ፣ ይዞት የመጣው እሱ ነው፣ ከጓደኞቹ ጋር ልጅ ሆነው ካናዳ ውስጥ ሲቀልዱበት የነበረ ነው። ዛሬ ስንት ሰው ሳያውቀው እንደ ቻንድለር ነው የሚያወራው። ደግሞ ሌላም ነገር አለ፣ ፔሪ በሕይወት ሳለ ስሞት መጀመሪያ የሚነሳው ፍሬንድስ ሳይሆን ከሱስ ለመውጣት የረዳኋቸው ሰዎች እንዲሆን እፈልጋለሁ ብሎ ነበር፣ ማሊቡ ያለ ቤቱንም አንድ ሰሞን ከሱስ ለሚያገግሙ ወንዶች መኖሪያ አድርጎት ነበር። ስለዚህ ስትስቂ ሳቂ፣ ስትጨርሺ ደግሞ ስለሱ ለሰው ስታወሪ ይሄንንም አብረሽ አንሺለት፣ የጠየቀው እሱን ነው።

ከየት ልጀምር ካልሽ ከቀላሉ ጀምሪ፣ መብራት ጠፍቶ ቻንድለር ኤቲኤም ያለበት ክፍል ውስጥ ከሞዴሏ ጋር የሚቆለፍበት፣ አንደኛ ሲዝን። ገና ወጣት ነው፣ ፊቱ ያበራል።

ጥያቄ፦ ሁሉም ሰው ዘ ኦፊስ ዘ ኦፊስ ይለኛል። ከስራ ስገባ ማታ ማታ ጀመርኩት፣ ማይክል የሚባለውን አለቃ መቋቋም ግን አቃተኝ፣ አፍሬለት ስልኬን ነው የምገለብጠው። የቱ ጋ ነው ቀልዱ? (ከዱባይ)

መልስ፦ እህቴ አንደኛ ሲዝን ላይ ነሽ ማለት ነው፣ ስድስት ኤፒሶድ ብቻ ናት፣ ዝለያትና ሁለተኛው ጋ ግቢ፣ ምንም አያመልጥሽም።

ምክንያት አለው። የመጀመሪያው ዘ ኦፊስ የእንግሊዞች ነው፣ 2001 ላይ የጀመረ፣ አለቃው ደረቅ፣ ልብ የሚያደርቅ ሰው ነው፣ እዚያ ይሰራል። አሜሪካኖቹ በ2005 ሲጀምሩ የመጀመሪያውን ኤፒሶድ ስክሪፕት ከሞላ ጎደል እንዳለ ነው የወሰዱት፣ ስለዚህ ማይክልም ደረቅ ሆኖ መጣ፣ ፀጉሩ ሳይቀር ወደኋላ ተለጥፏል! በዚያው ዓመት ማይክልን የሚጫወተው ስቲቭ ካሬል በሲኒማ በሰራው ኮሜዲ ሰው ወደደው፣ ጸሐፊዎቹም ይሄ ሰው እኮ የሚወደድ ነገር አለው ብለው ሁለተኛው ሲዝን ላይ ማይክልን ቀየሩት፣ አሁንም የሚያሳፍር ነገር ይናገራል፣ ግን ሰው እንዲወደው በጣም የሚፈልግ፣ ብቸኛ ሰው መሆኑን ታያለሽ።

ሦስተኛው ሲዝን ላይ ስትደርሺ የቢሮው እንግዳ ተቀባይ ፓም የስዕል ኤግዚቢሽን የምታሳይባት ኤፒሶድ አለች። የቢሮ ሰዎች ሁሉ ይቀራሉ፣ የመጡትም ከጀርባዋ ስዕሏን ሲያንቋሽሹ ትሰማለች፣ ሰዓቱ አልቆ ስዕሎቿን ልትሰበስብ ስትል ማይክል ዘግይቶ እየተጣደፈ ይገባል። የሚሰሩበትን ሕንጻ የሳለችውን ያያል፣ ቀረብ ብሎ ያየዋል፣ ስንት ነው ይላታል፣ ሊገዛው፣ ኮርቼብሻለሁ ይላታል። ፓም ዘላ ታቅፈዋለች። ያ ሁሌ የማይሆን ነገር የሚናገር ሰው፣ እዚያች ሰዓት መባል ያለበትን ብቻ ይናገራል። ስዕሉ ከዚያ ቢሮው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ በኋላ ሲዝኖች ላይ ሁሉ ከጀርባ ይታያል፣ 201 ኤፒሶድ አልቆ መጨረሻው ላይ ፓም ራሷ ነች አውርዳ የምትወስደው። እዚያች ድረስ ታገሺ፣ ካልወደድሽው ከዚያ ተዪው፣ መብትሽ ነው።

ጥያቄ፦ ከሚንግ ቱ አሜሪካ ላይ ኤዲ መርፊ ስንት ሰው ሆኖ ነው የሚጫወተው? ከጓደኛዬ ጋር ምሳ ተወራርደናል። (ከአዳማ)

መልስ፦ አራት። ልዑል አኪም አንድ፣ ፀጉር አስተካካዩ ክላረንስ ሁለት፣ ያ አቋሙ ሁሉ የሚያስቀው ዘፋኝ ራንዲ ዋትሰን ሦስት፣ አራተኛው ደግሞ ሰው ሁሉ የሚስተው ነው፣ ፀጉር ቤቱ ውስጥ የሚቀመጠው ነጩ ሽማግሌ፣ ሶል። አዎ እሱም መርፊ ነው! ሜካፑን የሰራው ሪክ ቤከር ነው፣ ለኦስካርም ታጭቷል። አርሰኒዮ ሆልም በበኩሉ አራት ሆኗል፣ ፓስተሩን ጨምሮ። ፀጉር ቤቱ ውስጥ ስለ ቦክስ ሲከራከሩ ሁለት ሰዎች እኮ ናቸው አብዛኛውን ወንበር የሞሉት፣ አንዱን ቀርጸው፣ ሜካፕ ቀይረው፣ ሌላውን ቀርጸው፣ ግን ክርክሩ ልክ ሰፈር ውስጥ እንደሰማነው ይፋጃል። ሁለት ሰው እንደዚያ ሲናበብ የትም አገር አንድ ነው፣ እኛም ልመንህና አለባቸው፣ ደረጄና ሀብቴ እያልን ነው ያደግነው፣ የአንዱን ስም ስንጠራ የሌላው ይከተላል። ደግሞ ንጉሡና ንግሥቷን፣ ጄምስ ኧርል ጆንስንና ማጅ ሲንክሌርን ልብ በላቸው፣ ከስድስት ዓመት በኋላ ላየን ኪንግ ላይ የሲምባ አባትና እናት ድምጽ ሆነው አብረው ተመልሰዋል። ምሳው የማን እንደሆነ አልጻፍክልኝም!

ጥያቄ፦ ኮሜዲያን ለምንድነው ኦስካር የማይሰጣቸው? ጂም ኬሪ ስንት ፊልም ሰርቶ! (ከባህር ዳር)

መልስ፦ ይሄ እኔንም ያናድደኛል። ጂም ኬሪ ጎልደን ግሎብ ተከታትሎ ሁለት ወስዷል፣ ለኦስካር ግን እጩ እንኳ ሆኖ አያውቅም። ሮቢን ዊሊያምስ በ1998 ያሸነፈው እንደ ኮሜዲያን ሳይሆን ወንበር ላይ ረጋ ብሎ የሚቀመጥ፣ ያዘነ የሥነ ልቦና ሐኪም ሆኖ ነው። ኤዲ መርፊ ስሙ የተጠራው አንዴ ነው፣ እሱም በሱስ በሚሰቃይ ዘፋኝነት፣ አላሸነፈም። ዊል ስሚዝም ስድስት ዓመት ያሳቀን ሰውዬ 2022 ላይ የተሸለመው በቁም ነገር ፊልም ነው፣ ያን ምሽት ምን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ አልገባበትም። መልዕክቱ ግልጽ ነው፣ ማሳቁን ተወውና ና ነው የሚሏቸው።

ግን አንድ በጣም የምወዳት ነገር አለች፣ ማሪሳ ቶሜይ በ1993 ማይ ከዝን ቪኒ ላይ ለሰራችው ተሸልማለች፣ ንጹህ ኮሜዲ ነው! ፍርድ ቤት ምስክር ሆና ቀርባ ስለ መኪና ጎማና ስለ ሞተር አቃቤ ሕጉን አፍ የምታስይዝባትን ሲን እዩ። ፍጥነቷ፣ እጮኛዋን የምታይበት ዓይን፣ ተናዳ ጀምራ መሃል ላይ በራሷ እውቀት እየተደሰተች ስትሄድ። ለማሳቅ የተሰራ ነው፣ ለቅሶ የለው፣ በሽታ የለው፣ እና ከማንም ድራማ አያንስም። ሽልማቱ ስህተት ነው፣ ስም ተሳስቶ ተነቦላት ነው የሚል ወሬ ለዓመታት ተወርቶባታል፣ ፈጽሞ ሐሰት ነው፣ እና አንድ ሰው በኮሜዲ ሲሸለም ማመን ያቃታቸው መሆኑ ራሱ ጥያቄህን ይመልስልሃል።

ጥያቄ፦ አባቴ እንግሊዝኛ አይችሉም፣ ዕብራይስጡም እንደነገሩ ነው። ሻባት ላይ ቤት ስንውል እኔ ስስቅ እሳቸው ፊቴን እያዩ ነው የሚስቁት፣ አብረን የምንስቅበት ነገር ንገሪኝ። ሚስተር ቢንን አሰብኩ፣ ግን ሞቷል የሚል ፖስት አየሁና ደበረኝ። (ከነታንያ፣ እስራኤል)

መልስ፦ አልሞተም! በየጊዜው ሰው ሊንክ እንዲነካ የሚለቁት ውሸት ነው፣ ሮዋን አትኪንሰንን ስንቴ እንደገደሉት። እና ምርጫሽ ትክክል ነው፣ ከሱ የተሻለ አላውቅም። ሰውየው የኤሌክትሪክ ምህንድስና ነው የተማረው፣ ኦክስፎርድ ድረስ ሄዶ፣ እና ቢንን እንደ ኢንጂነር ነው የሰራው የሚመስለኝ፣ አንዷ ትንሽ ችግር ትመጣለች፣ እሷን ለመፍታት ሌላ ይፈጥራል፣ ምንም ቃል ሳያስፈልግ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ እያየሽው ትጨነቂያለሽ። የሚገርመው ዋናው ድራማ በሙሉ 15 ኤፒሶድ ብቻ ነው፣ ከ1990 እስከ 1995፣ ያንን ነው ዓለም ሁሉ ደጋግሞ የሚያየው።

ለአባባ ከመጀመሪያው ኤፒሶድ ጀምሪላቸው፣ በተለይ ቤተክርስቲያን የገባበት። ያስነጥሰዋል፣ መሃረብ የለውም፣ የኪሱን ጨርቅ ገልብጦ ይጠቀማል። ከዚያ እንቅልፍ ይመጣበታል፣ ላለመተኛት ይታገላል፣ ይታገላል፣ ቀስ እያለ ከወንበሩ ወደ መሬት ይፈስሳል። መዝሙር ሲጀመር ጎኑ ያለው ሰውዬ መጽሐፉን አያሳየውም፣ ቃሉን ስለማያውቀው አጉረምርሞ አጉረምርሞ «ሃሌሉያ» ላይ ሲደርስ ብቻ በሙሉ ጉሮሮው ይለቀዋል። በየትኛውም እምነት ረጅም ጸሎት ላይ ቆሞ የሚያውቅ ትልቅ ሰው ይቺን ያለ ትርጉም ይረዳታል። ቀጥሎ የገናውን አሳዪያቸው፣ ዶሮው ጭንቅላቱ ላይ የሚገባበትን (ዶሮ አልኩ እንጂ ተርኪ ነው)፣ ከዚያ መዋኛ ገንዳው ላይ ከፍታው ጫፍ ወጥቶ መውረድም መዝለልም የሚያቅተውን። ፊልሞቹን ለኋላ አቆዪያቸው፣ የ1997ቱ ላይ ሌሎቹ ሰዎች ብዙ ስለሚያወሩ አባባ ይሰለቻሉ፣ የ2007ቱ ፈረንሳይ የሄደበት ግን ወሬው ትንሽ ነው፣ እሱን አብራችሁ እዩት።